ሣራ ሲዶንስ

ሣራ ሲዶንስ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1755 ዓ.ም. በዌልስ አገር በብሬከን ከተማ ተወለደች። ወላጆችዋ በየከተማው እየዞሩ ቴአትር የሚያሳዩ ነበሩና እርስዋም ገና በልጅነትዋ ከእነርሱ ጋራ መጫወት ዠመረች።

በ1775 በለንደን በታላቁ ድሩሪ ሌን ቴአትር ቤት እንድትጫወት ተጠራች። በዚያን ጊዜ ግን ከወለደች ሁለት ወር አልሞላትም ነበርና ሰውነትዋ ደካማ ነበረ። ከፍርሃትም የተነሣ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ ቃልዋም ለተመልካቹ አልሰማ አለ። በሚከተለው ዓመት ከሥራዋ ተሰናበተች።

ሣራ ግን እጅዋን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ከለንደን ወጥታ በሌሎች ከተሞች፥ ይልቁንም ከ1778 እስከ 1782 በባዝ ከተማ፥ ብዙ ልዩ ልዩ ጨዋታ እያጠናች ተጫወተች። ቃሉን በቃልዋ መያዝን፥ ድምፅን አጥርቶ ማሰማትን፥ በመድረክ ላይ አቋቋምንና አካሄድን በሥራ ብዛት አጸናች።

በጥቅምት 1782 ወደ ድሩሪ ሌን ተመለሰች። ያን ጊዜ ተመልካቹ እስኪያለቅስ ድረስ ልቡ ተነካ። በ1831 እስክትሞት ድረስም ስምዋ የተከበረ ነበረ።

ልጆች ሆይ፤ ቴአትር ቤቱ ያው የፊተኛው ነበረ፤ የተለወጠችው ሣራ ናት። እናንተም በሰው ፊት ስታነቡ ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥ መጽሐፉን አትጠፉት፤ ነገም ደግማችሁ አንብቡ።