ከዶጋሊና ከዓድዋ የተረፉት ራስ አሉላ በቁስል አለፉ

የራስ አሉላ እንግዳን (አባ ነጋን) ድል ሁላችንም እናውቃለን። አሟሟታቸው ግን እምብዛም አይወራም። ዛሬ እሱን እናነሳለን፤ ከብረትና ከማሽን ጋር ሲታገል ለሚውለው የቃሊቲ ሰው የሚበጅ ነገር አለውና።

አሉላ ተንቤን ውስጥ ከገበሬ ቤት ተወለዱ። በትውልድ ሳይሆን በጉብዝናቸው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘንድ ቀረቡ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋጉ። ራስ ተብለው መረብ ምላሽን አስተዳደሩ፤ አሥመራንም መቀመጫቸው አደረጉ። በ1878 ኩፊት ላይ መሐዲስቶችን፣ በጥር 1879 ደግሞ ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮችን ድል ነሱ። በ1881 መተማ ላይ ንጉሣቸውን ቢያጡም፣ በየካቲት 1888 ዓድዋ ላይ ተሰለፉ።

ከዓድዋ በኋላ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ከተንቤኑ ራስ ሐጎስ ጋር ተዋጉ። ሐጎስ ሞቱ፤ አሉላ ክፉኛ ቆሰሉ። ከውጊያው በሕይወት ቢወጡም ከሳምንታት በኋላ፣ በየካቲት 1889 ዓ.ም.፣ በዚያው ቁስል አረፉ። መቃብራቸው ዓድዋ አቅራቢያ፣ አባ ገሪማ ገዳም ነው።

ያኔ ቁስሉ ያመረቀዘበት ሰው፣ ራስም ይሁን ተራ ወታደር፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አልነበረውም። ፔኒሲሊን የተገኘው አሉላ ካለፉ ከ31 ዓመት በኋላ ነው። ለእሳቸው ያልደረሰው መድኃኒት ዛሬ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ አለ። የሚያሳዝነው፣ አሁንም ቀላል ነው ብለን የምንቆየው ነገር ነው።

ላሜራ ቢቆርጣችሁ፣ ሚስማር ቢወጋችሁ ቁስሉን ወዲያው በንጹህ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑ። ቡና ወይም አመድ አትነስንሱበት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንደሚያስፈልጋችሁም ጠይቁ።

ቆዳው ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ካመመና መግል ከያዘ ባክቴሪያ ገብቶበታል ማለት ሊሆን ይችላል። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ወይም ወየብ ብሎ ያብለጨልጫል። የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምሩ፤ መስመሩን ካለፈ እየሰፋ ነው። መግሉን ራሳችሁ አታፍርጡ፤ ባለሙያ ከፍቶ ያጽዳው። ጎረቤት የተረፈውን ክኒን አትዋጡ፤ የታዘዘላችሁንም ተሻለኝ ብላችሁ አታቋርጡ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ እግራችሁን በየቀኑ እዩ።

ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ሕመሙ ከሚታየው ቁስል በላይ ከበረታ፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ውኃ ከቋጠረ ግን ነገ አትበሉ። ሌሊትም ቢሆን ጥሩነሽ ቤጂንግ ወይም ቅርባችሁ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።