በክር የተሰፉት ደብተሮች

በጭሮም (አሰበ ተፈሪ) ሆነ በሂርናና በበዴሳ፣ ተማሪ ትምህርቱን ሊጨርስ ሲል ለጓደኞቹ የሚያዞረው ኦቶግራፍ ለማናችሁም እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ልጃገረዶችም እንዲህ ያለ አልበም ነበራቸው፤ ጓደኛ ግጥም ጽፎ ይፈርምበታል፣ ባለቤቷም የወደደችውን ግጥም ትገለብጥበታለች። ከእነርሱ ዘመን ሰዎች አንዷ ግን በደብተሮቿ ውስጥ የጻፈችው የራሷን ብቻ ነበር።

ኤሚሊ ዲክንሰን በማሳቹሴትስ ግዛት በአምኸርስት ከተማ በ1830 ተወለደች (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። አባቷ ጠበቃ ሲሆን ለአንድ ዘመን የአገሪቱ ምክር ቤት አባል ነበር። በልጅነቷ አበባ እየለቀመች በወረቀት መካከል አድርቃ ከ400 በላይ ናሙና የያዘ ደብተር አዘጋጅታለች። በ1847 ማውንት ሆልዮክ ወደሚባለው የሴቶች ትምህርት ቤት ገባች፤ በዚያም ተማሪዎች በሃይማኖት አቋማቸው በሦስት ይከፈሉ ስለ ነበር እርሷ ተስፋ ከሌላቸው ወገን ተቈጠረች። አንድ ዓመት እንኳ ሳትሞላ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ኋላም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች። ይህን ሸፍኖ ማለፍ ታሪኳን ማጉደል ይሆናል፤ ምክንያቱም ስለ ሞት፣ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ዘላለም መጠየቋን ከቶ አላቆመችም፤ የብዙዎቹ ግጥሞቿ ምትም በልጅነቷ የሰማችው የመዝሙር ምት ነው።

ከ1858 ገደማ ጀምሮ ግጥሞቿን በታጠፈ ወረቀት ላይ በጥንቃቄ እየገለበጠች፣ በመርፌና በክር እየሰፋች 40 ደብተር አደረሰች። በየደብዳቤዋ ውስጥ ለወዳጆቿ ግጥም ትልክ ነበር፤ በሕይወቷ ሳለች የታተሙት ግን ከ1,800 ገደማ ዐሥር ያህሉ ብቻ ናቸው፣ ያውም ያለ ስሟ።

በ1886 ስታርፍ እኅቷ ላቪኒያ በገባችላት ቃል መሠረት የተቀበለቻቸውን ደብዳቤዎች አቃጠለች። ስለ ግጥሞቹ ግን የተሰጣት ትእዛዝ አልነበረም፤ ደብተሮቹን ባገኘች ጊዜ እሳቱን ትታ አሳታሚ ፍለጋ ጀመረች። የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1890 ወጥቶ ተደጋግሞ ታተመ። ይሁን እንጂ አዘጋጆቹ ርእስ ጨመሩ፣ ሥርዓተ ነጥቡንና ቃላቱን አስተካከሉ፣ የደብተሮቹም ስፌት ተፈታ። በጎ አስበው ይሆናል፤ እኔ ግን ድፍረት ነው እላለሁ። ግጥሞቹ እርሷ እንደ ጻፈቻቸው ተሟልተው የታተሙት በ1955 ነው። በ1981 ደግሞ ራልፍ ፍራንክሊን የተባለ ሊቅ የወረቀቱን እድፍና የመርፌውን ቀዳዳ እያስተያየ፣ የትኛው ገጽ ከየትኛው ጋር ተሰፍቶ እንደ ነበር ለይቶ ደብተሮቹን በቀድሞ ተራቸው አሳተመ።