ፒየር ጉዊን፦ የማይታየውን የመመዝገብ ሕይወት

ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዊን በኢትዮጵያ የጂኦፊዚክስ ጥናት ታሪክ ስማቸው ቀድሞ ከሚነሣ ተመራማሪዎች አንዱ ናቸው። የሥራ ሕይወታቸው ዛሬም መልስ ለሚሻ አንድ ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚሰጥ አዲስ ኮሌጅ የረቀቀ የምርምር መሣሪያ ሊይዝ የሚገባው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳ ኢየሱሳውያን ይመራ ነበር። ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 የዘለቀው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲታወጅ ኮሌጁን ተፈላጊ ያደረገው የከተማዋ አቀማመጥ ነበር። አዲስ አበባ በመግነጢሳዊው ወገብ አቅራቢያ ትገኛለች። በዚህ ወገብ ላይ፣ ከምድር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በአዮኖስፌሩ ፕላዝማ ውስጥ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ጅረቱ ለዓይን ባይታይም በምድር ላይ የሚለካውን መግነጢሳዊ መስክ በየዕለቱ ይለዋውጠዋል። የዘመኑ መሣሪያዎች ለውጡን በምስል ያስቀሩት ነበር፤ ከማግኔት ጋር ከተያያዘች ትንሽ መስታወት የሚንጸባረቅ ብርሃን በሚንቀሳቀስ የፎቶግራፍ ወረቀት ላይ መሥመር ይሥላል። የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪው ለዚህ ሥራ ተቋቋመ፤ ጉዊንም ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በዳይሬክተርነት መሩት።

የሰማዩን ፕላዝማ ለመከታተል የተጀመረው ጣቢያ ብዙም ሳይቆይ ሲስሞግራፍ ተጨመረለት፤ ጥቅሙም ፈጥኖ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1961 አጋማሽ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ከከሚሴ በስተደቡብ የምትገኘው ካራቆሬና አካባቢዋ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመቱ። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬ ብዙ ቤቶች ወደቁ፤ አውራ ጎዳናውም በስንጥቅና በናዳ ተጎዳ። ሲስሞግራፍ ርቀትን የሚያሳውቀው በሁለት ሞገዶች መካከል ባለው የጊዜ ልዩነት ነው። ፈጣኑ ሞገድ ቀድሞ፣ ዘገምተኛው ተከትሎ ይደርሳል፤ በመካከላቸው ያለው እያንዳንዱ ሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀትን ያመለክታል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ መሥመር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ለምትርቀው ካራቆሬ ልዩነቱ ወደ 25 ሴኮንድ ይጠጋል።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው መሥመር የትኛው ቤት እንደፈረሰ፣ መሬቱ የት እንደተሰነጠቀ አይናገርም። ጉዊን ይህን ጉድለት የሞሉት በቦታው የታየውን ጉዳት ከመሣሪያው ንባብ ጋር በማመሳከር ነው። መሣሪያ ላልነበረበት ዘመን ደግሞ ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1976 የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት በቀጠና የከፈለ ጥናት አወጡ፤ በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘው መጽሐፋቸው በኦታዋ ታተመ። በኋላም በትውልድ አገራቸው በኩቤክ የደረሱትን ቀደምት የመሬት መንቀጥቀጦች በተመሳሳይ ዘዴ አጥንተዋል።

የጉዊን ሥራ ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ነዋሪ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከሚሴም ሆነች በስተሰሜኗ ያለችው ኮምቦልቻ የሚገኙት በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ተዳፋት ሥር ነው፤ በ1961 የተንቀጠቀጠው መሬትም የዚሁ ተዳፋት አካል ነው። ዛሬ በእነዚህ ከተሞች ፎቅ የሚያቆም መሐንዲስ ያን መዝገብ ችላ ሊል አይገባውም።

ለፊዚክስ ትምህርት ክፍሎችም የሚተርፍ ትምህርት አለው። ብናኝ ያዘለ ፕላዝማን ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ለማስጠናት ብናኙን የሚያበራ ሌዘርና እንቅስቃሴውን የሚቀርጽ ፈጣን ካሜራ ያስፈልጋል። ለግዢው የሚቀርበው ማመልከቻ የካሜራውን ፍጥነት ከመዘርዘሩ በፊት ምን እንደሚለካ፣ መዝገቡን ማን እንደሚጠብቅና ከአሥር ዓመት በኋላ ማን እንደሚያነብበው ሊያስረዳ ይገባል። የአዲስ አበባው ጣቢያ ዋጋ ያገኘው ሥራው ሳይቋረጥ በመቀጠሉ ነው፤ ለሰማይ ተብሎ የተጀመረው ምዝገባ የካራቆሬን ምድር ለመረዳት የበቃውም በዚሁ ትጋት ነው።