ሐርቪ ሳክስ

የሰውን የዕለት ተዕለት ጭውውት ለሳይንሳዊ ጥናት ካበቁት ሊቃውንት መካከል ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው ሐርቪ ሳክስ ነው። ሳክስ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለደ። በ1959 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሕግ ቢመረቅም፣ ፊቱን ወደ ኅብረተሰብ ጥናት መለሰ።

በ1963 በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ሕይወታቸውን ለማጥፋት ያሰቡ ሰዎችን በሚረዳ ማዕከል ምርምር ጀመረ። ወደ ማዕከሉ የሚደወሉ የስልክ ንግግሮች በቴፕ ይቀረጹ ነበር። ሠራተኞቹን ያስቸገራቸው ነገር ቢኖር ብዙ ደዋዮች ስማቸውን አለመናገራቸው ነው፤ ማንነቱ ያልታወቀን ሰው ደግሞ ኋላ ፈልጎ መርዳት እጅግ አዳጋች ነው። ሳክስ ቴፖቹን ደጋግሞ ሲያዳምጥ፣ ሠራተኛው አስቀድሞ ስሙን ሲናገር ደዋዩም አብዛኛውን ጊዜ በአጸፋው የራሱን እንደሚናገር ተገነዘበ። አንዱ ደዋይ ግን አልተሰማኝም አለ። ሠራተኛው ስሙን ደገመለት፤ ደዋዩም ያንኑ የሠራተኛውን ስም መልሶ ጠራ። በዚህ መካከል የራሱን ስም የሚናገርበት ተራ አለፈ። ሰውየው በእርግጥ አልሰማ ይሆናል፤ ሆኖም አልናገርም ሳይል ስሙን ሳይናገር ቀረ። ሳክስን ያስደነቀው ይኸው ነበር።

ከ1964 እስከ 1972 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸው ትምህርቶች ይህን ሐሳብ አስፋፋው። ጥያቄ መልስን፣ ሰላምታ አጸፋን ይጠራል፤ እንዲህ ያሉትን ተከታታይ ንግግሮች ጥንድ ንግግር ልንላቸው እንችላለን። የጥንዱ ሁለተኛ ክፍል ሲጎድል ዝምታው ራሱ ትርጉም ያገኛል። ሰላምታ የተነፈገ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም።

በ1974 ሳክስ፣ ኢማኑኤል ሼግሎፍና ጌይል ጄፈርሰን ስለ ተራ አወሳሰድ ዝነኛ ጽሑፋቸውን አወጡ። በጭውውት ማን መቼ እንደሚናገርና ምን ያህል እንደሚናገር አስቀድሞ አይወሰንም። ይሁን እንጂ ንግግሩ አይተረማመስም፤ ሁለት ሰዎች እኩል ቢናገሩ እንኳ ለአፍታ ብቻ ነው። ተናጋሪው ቀጣዩን ሰው ከመረጠ፣ ተራው የተመረጠው ነው። ካልመረጠ ቀድሞ የጀመረው ይናገራል። ማንም ካልጀመረ ደግሞ የመጀመሪያው ሊቀጥል ይችላል።

ሳክስ በ1975፣ በ40 ዓመቱ፣ በመኪና አደጋ ሞተ። በሕይወቱ ሳለ ያሳተመው ጥቂት ነበር። ጄፈርሰን ግን ትምህርቶቹን ከቴፕ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጥ ቆይታ ነበርና፣ በ1992 በሁለት ቅጽ ታተሙ።