ሼህ መሐመድ ናሲፍ፦ የመጻሕፍታቸውን በር ለአንባቢ የከፈቱ የጂዳ ሊቅ

በአሮጌው የጂዳ ሰፈር በአል-በለድ የሚመላለስ ሰው፣ ከደጁ ትልቅ የኒም ዛፍ የቆመበትን ቤት ሳያይ አያልፍም። ድሮ በከተማይቱ ሌላ ዛፍ እምብዛም ስላልነበረ፣ ሕዝቡ ባለ ዛፉ ቤት እያለ ይጠራው ነበር። ቤቱን ያሠሩት የጂዳ ገዥ የነበሩት ዑመር ናሲፍ ሲሆኑ፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1872 ተጀምሮ በ1881 ተፈጽሟል። በእውቀት ወዳጆች ዘንድ ያስከበሩት ግን የልጅ ልጃቸው ሼህ መሐመድ ናሲፍ ናቸው።

ሼህ መሐመድ በ1885 በጂዳ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ በአያታቸው እጅ አደጉ። ያ ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ብርቅ የሆነበት ዘመን ነበር፤ ነጋዴው መሐመድ ዓሊ ዘይነል የአል-ፈላሕን ትምህርት ቤት በጂዳ የከፈቱት በ1905፣ በመካ ደግሞ በ1912 ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ፊደል የለየው ወጣት የሚያነበውን ይሻል፤ መጽሐፍ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

ሼህ መሐመድ ይህን ጉድለት በገዛ ቤታቸው ለመሙላት ተጉ። የእጅ ጽሑፎችንና የታተሙ መጻሕፍትን ዕድሜ ልካቸውን ሰበሰቡ፤ በራሳቸው ወጪም መጻሕፍት እያሳተሙ አደሉ። ጂዳ የመካ በር በመሆኗ፣ ለሐጅ በባሕር የሚመጡ ሊቃውንት ወደ ቤታቸው ጎራ ይሉ ነበር። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝም በታኅሣሥ 1925 ጂዳ ሲገቡ ያረፉት በዚሁ ቤት ነው። ሼህ መሐመድ የመጻሕፍቱ ባለቤት ብቻ ሳይሆኑ ጠባቂያቸውና አስተዋዋቂያቸውም ነበሩ፤ ጠያቂው የሚሻውን መጽሐፍ ከሚያውቅ ሰው እጅ ይቀበል ነበር።

በ1971 ሲያርፉ ያ ሁሉ መጽሐፍ የመበተን ዕጣ ሊገጥመው በቻለ ነበር። በባለቤቱ ሞት የተበተነ የመጻሕፍት ስብስብ በየአገሩ ብዙ ነውና። የእርሳቸው ግን በ1967 በጂዳ ወደተቋቋመው ወደ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። የአንድ ቤት ሀብት የነበረው የተማሪዎች ሁሉ ሆነ።

ታሪካዊት ጂዳ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፤ ቤቱም ዛሬ የጎብኚዎች መዳረሻ ነው። የሼህ መሐመድ ሕይወት ለወላጅና ለመምህር የሚያስተምረው ግልጽ ነው፦ ትምህርት ቤት መደርደሪያውን በመጻሕፍት ቢሞላም፣ መጽሐፉን ከልጁ ጋር የሚያገናኝ ባለሙያ ከሌለው ሀብቱ ተቆልፎ ይቀራል።