ሪቻርድ በርተንና የጀጎል ልሳን

ሐረሪዎች ከተማቸውን ጌይ፣ ቋንቋቸውንም ጌይ ሲናን ይሏቸዋል። ይህን ልሳን ቀድመው ለኅትመት ካበቁት የውጭ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን ነው።

በርተን እ.ኤ.አ. በ1821 ተወለደ። በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር መኮንንነት ሲያገለግል ለቋንቋ ጥናት ራሱን ሰጠ፤ በዕድሜው ከሃያ በላይ ቋንቋዎችን እንዳወቀ ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1853 ሙስሊም ተጓዥ መስሎ መካ ገባ።

በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ከዘይላ ወደ ሐረር አቀና። ከተማዋ ያኔ ለአውሮፓውያን ዝግ ነበረች። በዐረብ ነጋዴ አለባበስ ቢጓዝም፣ ወደ ከተማዋ ሲቃረብ እንግሊዛዊነቱን መግለጥ መረጠ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1855 ከአሚር አሕመድ ኢብን አቡ በክር ፊት ቀረበ፤ 10 ቀናት ቆይቶም በሰላም ተሰናበተ።

በዚያ ቆይታው አንድ ነገር አስተዋለ። በዙሪያው ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሲነገሩ፣ ጌይ ሲናን ግን በጀጎል ግንብ ውስጥ ብቻ የሚኖር ልሳን ነበር። ቋንቋው እንደ አማርኛና እንደ አርጎብኛ ሴማዊ ነው።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ በርበራ ላይ ሰፈሩ ሌሊት ተወረረ፤ አንድ ባልደረባው ተገደለ፣ እርሱም ጉንጮቹን በጦር ተበሳ። እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ መጨረሻ የሐረሪን ሰዋስውና የቃላት ዝርዝር አኖረ። ለከተማዋና ለነዋሪዎቿ የሰጠው ፍርድ ግን ሻካራና ንቀት የተቀላቀለበት ነበር።

በርተን እ.ኤ.አ. በ1890 ትሪየስት ከተማ ሞተ። ሚስቱ ያልታተመ የመጨረሻ የትርጉም ሥራውን አቃጠለችው። የታተሙት የሐረሪ ቃላት ግን ተረፉ።

ሆኖም ቋንቋውን ያኖረው የእንግዳ መዝገብ አይደለም። ሐረሪዎች ራሳቸው ከእርሱ በፊት በዐረብኛ ፊደል ይጽፉበት ነበር፤ እናቶችም ለልጆቻቸው አውርሰውታል። ዛሬ ጌይ ሲናን ከአፋን ኦሮሞ ጋር የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው፤ በትምህርት ቤትም ይሰጣል። ተናጋሪው ጥቂት ነው፤ ብዙዎችም በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ ይኖራሉ። በዚያ የሚያድግ ልጅ በገበያና በትምህርት ቤት የሚሰማው ሌላ ቋንቋ ነውና፣ ጌይ ሲናንን የሚያገኘው ቤቱ ከተነገረው ብቻ ነው። ያኔ በግንብ የተጠበቀው ልሳን ዛሬ ጠባቂው ቤተሰብ ሆኗል።