ሎሬት ጸጋዬ እና የሀሁ ጥያቄ

ብዙዎቻችን ቴአትርን የምናውቀው በመዝናኛነቱ ነው። ቲኬት ቆርጠን እንገባለን፣ ስቀን እንወጣለን፣ በቃ። ለሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ግን ነገሩ እንዲያ አልነበረም። ለእሱ መድረክ ማለት ሌላ ቦታ መናገር የማይቻል እውነት የሚነገርበት ቦታ ነው። ለዚህም ዋጋ ከፍሏል።

ጸጋዬ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. አምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ መንደር ነው። ጊዜው ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን የወረረበት ነበር። ከመወለዱ 19 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 22፣ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አላወግዝም በማለታቸው አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገድለዋል። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገረ፣ ግዕዝም እየተማረ አደገ። ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈው ቴአትር ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ታየ። እስቲ አስቡት፣ አንድ የአምቦ ልጅ በንጉሥ ፊት ንጉሥን መድረክ ላይ ሲያወጣ!

ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ። በውጭ አገርም የለንደንንና የፓሪስን ቴአትር ቤቶች አሠራር ተመለከተ። ሲመለስ ዛሬ ብሔራዊ በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠራ። ሳንሱር ባለበት ዘመን አንዱ መንገዱ ትርጉም ነበር። ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ መለሰ። ገድሎ ዙፋን ላይ የወጣ ንጉሥ በአማርኛ ሲናገር ተመልካቹ የራሱን ትርጉም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለነገሩ ያው መንግሥት 30 ዓመት እንኳ ሳይሞላው በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሸልሞታል።

አሁን ወደ አቡነ ጴጥሮስ እንመለስ። ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት የሚለው ተውኔቱ የጳጳሱን የመጨረሻ ሰዓት ይዞ የቀረበ ነው። ጸጋዬ ጦርነቱን አላሳየንም፣ ያሳየን አንድን ሰው ከህሊናው ጋር ሲነጋገር ነው። አንድ ቃል ብቻ ቢናገሩ ይተርፉ ነበር፤ ያ ቃል ግን ውሸት ነው። በእኔ አስተያየት የጸጋዬ ሥራ ሁሉ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው።

በ1966 አብዮቱ ፈነዳ። ጸጋዬም ሀሁ በስድስት ወር ብሎ መጣ። ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፦ ነጻነትን ገና ሀ ብሎ የጀመረ ሕዝብ በስድስት ወር ፊደሉን ይጨርሳል ወይ? አዲሱ መንግሥት ለአጭር ጊዜ ሾመው፣ አሰረውም፤ ሥራዎቹንም አገደ። እሱ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም ደከመ።

ደርግ በ1983 ወደቀ። ጸጋዬ እንደገና ወደ ፊደል ገበታው ተመለሰ፦ ሀሁ ወይም ፐፑ። ፐ የፊደላችን መጨረሻ ናት። ስለዚህ ምርጫው ግልጽ ነው፣ ወይ ከሰላም ሀ ብለን እንጀምራለን ወይ እዚያው መጨረሻችን ይሆናል።

ቋንቋው ይከብዳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አንዳንዱን ስንኝ ደጋግሞ ማንበብ ግድ ይላል። ግን መድረክ ላይ ሲሰማ የከበደው ይቀላል።

በኩላሊት ሕመም ምክንያት ለሕክምና አሜሪካ ሄዶ የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ አረፈ። አስከሬኑ በቦሌ በኩል አገሩ ገብቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ነገ ብዕር ይዘን ለምንወጣ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ከዚህ ሕይወት አንድ ትምህርት አለ። ሽልማቱም እገዳውም ሊመጡ የሚችሉት ከአንድ እጅ ነው። ጸጋዬ ሹመቱ ሲመጣም እስሩ ሲመጣም ጥያቄውን አልቀየረም፦ ሀሁን ተምረናል ወይ? መልሱን ገና ያልሰጠነው እኛ ነን።